መስመራዊ ያለእኩልነትን በግራፍ ለማሳየት የትኛው መንገድ ይሻላል?

«3ሀ − 2ለ < 6 የሚለውን በግራፍ አሳይ» የሚል ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ ዛሬ የሚቸገረው ዘዴ በማጣት ሳይሆን ዘዴ በመብዛቱ ነው። የክፍል መምህሩ የቁጥር ሰንጠረዥ እንዲሠራ ያስተምረዋል፤ አስጠኚው መስመሩ ሁለቱን ዘንጎች የሚቆርጥባቸውን ነጥቦች ፈልግ ይለዋል፤ ዩቲዩብ ላይ ያየው ቪዲዮ ሁሉንም ነገር ወደ ስሎፕ (የመስመሩ ዘንበል ልክ) ቅርጽ ይቀይራል፤ ጓደኛው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ በጥቂት ሰከንድ ቀለም የተቀባ ሥዕል ያሳየዋል። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሁሉም ግን ለሁሉም ቦታ አይሆኑም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆችና ለክፍላቸው መሣሪያ ለሚመርጡ መምህራን ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። በክፍል ውስጥ አብዛኞቻችን «ኢንኢኳሊቲ» የምንለውን እዚህ ያለእኩልነት እለዋለሁ፤ ኤክስና ዋይ በሚባሉት ፋንታም አግድሙን ዘንግ ሀ፣ ቁሙን ዘንግ ለ ብዬ እጽፋለሁ። ነጥብ ሲጻፍ መጀመሪያ የሀ፣ ቀጥሎ የለ ዋጋ ይመጣል።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውም የመስመራዊ ያለእኩልነት ግራፍ ሦስት ውሳኔዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የድንበሩ መስመር የት እንደሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ድንበሩ ራሱ የመልሱ አካል መሆን አለመሆኑ ነው፤ ምልክቱ ≤ ወይም ≥ ከሆነ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይሰመራል፣ < ወይም > ከሆነ ግን የተቆራረጠ ይሆናል። ሦስተኛው ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ካሉት ሁለት ግማሽ ጠለሎች የሚጠቁረው የትኛው እንደሆነ ነው።

እኔ ከሦስቱ ከፍተኛውን ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ነው። መስመሩ በግማሽ ካሬ ቢዛነፍ ግራፉ በጥቂቱ ይሳሳታል፤ ወገኑ ከተሳተ ግን የመልሱ ነጥቦች በሙሉ ይቀሩና መልስ ያልሆኑት በሙሉ ይገባሉ። ስለዚህ አንድን ዘዴ ስመዝን የምጠይቀው «ፈጣን ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ወገን ስስት ያስታውቀኛል ወይ?» ብዬ ነው። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ተጨማሪ መመዘኛዎች አሉ፤ አንደኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ያለእኩልነቶች አንድ ላይ ሲመጡ ዘዴው የጋራ ክልላቸውን አጥርቶ ማሳየት መቻሉ ነው፤ ሌላው ዋጋ፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና የፈተና ደንብ ነው።

በእጅ፦ መስመሩን የማግኛ ሦስት መንገዶች

የቁጥር ሰንጠረዥ ከሁሉም የቆየና የዘገየ መንገድ ነው፤ ለሀ ዋጋ ይሰጣል፣ ለ ይሰላል፣ ነጥቦቹ በማስመሪያ ይያያዛሉ። ብዙዎች ለጀማሪ ብቻ የተተወ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን አልስማማም። 7ሀ + 5ለ ≤ 24 የሚለውን እንውሰድ። መስመሩ ዘንጎቹን የሚቆርጠው በ24/7 እና በ4.8 ላይ ነው፤ ከእነዚህ የመጀመሪያው 3.43 አካባቢ ስለሆነ በካሬ ወረቀት ላይ በትክክል ለማስቀመጥ አይመችም። ሰንጠረዥ የሠራ ሰው ግን ሀ = 2 ሲሆን ለ = 2፣ ሀ = −3 ሲሆን ለ = 9 እንደሚሆን ያገኛል። ሁለቱም ነጥቦች የካሬዎቹ መገናኛ ላይ ልክ ያርፋሉ፤ ሦስተኛውን ነጥብ (7፣ −5) ቢጨምርበት ደግሞ ሦስቱ በአንድ መስመር ካልዋሉ ስሌቱ መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል። ሦስተኛ ነጥብ መጨመር ሊቀር የማይገባው ለዚህ ነው።

የመቁረጫ ነጥቦች መንገድ ያለእኩልነቱ በተለመደው ቅርጽ (ሀና ለ በአንድ ወገን፣ ቁጥሩ ብቻውን በሌላው) ተጽፎ ቁጥሮቹም በደንብ ሲካፈሉ የሚወዳደረው የለም። ለምሳሌ 2ሀ + ለ ≤ 16 ከተሰጠ፣ ሀን ዜሮ ሲያደርጉ ለ 16 ይሆናል፣ ለን ዜሮ ሲያደርጉ ሀ 8 ይሆናል፤ ሁለት መስመር በማይሞላ ስሌት ድንበሩ ተገኘ። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ እንዳየነው መቁረጫዎቹ ክፍልፋይ ሲሆኑ ነው። ሁለተኛው መስመሩ በመነሻው ነጥብ በ(0፣ 0) ሲያልፍ ነው፤ ለምሳሌ በለ ≥ 2ሀ ሁለቱም መቁረጫዎች አንድ ነጥብ ስለሚሆኑ መስመር ለማስመር አይበቁም። ተማሪው ይህን ሳያስተውል ይቀርና ከ(0፣ 0) ተነስቶ ወደመሰለው አቅጣጫ ያሰምራል።

የስሎፕ መንገድ ለን ለብቻው ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱ «ለ ይበልጣል» ከሆነ ከመስመሩ በላይ፣ «ለ ያንሳል» ከሆነ ከመስመሩ በታች ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ መስመሩንም ወገኑንም ይሰጣል። ለዚህም ነው ፈጣን ተማሪዎች የሚወዱት። አደጋው ግን እዚያው ፍጥነቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የጠቀስነው 3ሀ − 2ለ < 6 ለን ለማውጣት በ−2 መካፈል አለበት፤ በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣልና ውጤቱ ለ > 1.5ሀ − 3 ነው። መገልበጡን የረሳ ተማሪ ለ < 1.5ሀ − 3 ጽፎ፣ መስመሩን በትክክል አስምሮ፣ በንጽሕና የተቆራረጠ አድርጎት፣ ከዚያ የተሳሳተውን ወገን ያጠቁራል። ዘዴው ራሱ ስሕተቱን የሚያሳይበት ምንም መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም የሚያጠቁረው ቀድሞ የጻፈውን ምልክት አምኖ ነው።

የእህቴን ልጅ ሳስጠና ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ግራፉ የታተመ ይመስል ነበር፤ እርሳሱ ተቀርጾ፣ መስመሩ በማስመሪያ ወጥቶ፣ ጥላው በአንድ አቅጣጫ ተሰምሮ። «ዜሮ ዜሮን እስቲ አስገቢበት» አልኳት። «3 ሲባዛ 0፣ ሲቀነስ 2 ሲባዛ 0፣ ከ6 ያንሳል... እንዴ አጎቴ፣ እውነት ሆነ!» አለች፤ (0፣ 0) ግን እሷ ካጠቆረችው ክልል ውጭ ቀርቶ ነበር። ላጲስ ፍለጋ ገባች።

ያ ያስገባችው ነጥብ የፍተሻ ነጥብ ይባላል፤ ከሦስቱም የእጅ መንገዶች ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ከመስመሩ ላይ ያልሆነ አንድ ነጥብ ይመረጥና በመጀመሪያው፣ ገና ባልተነካው ያለእኩልነት ውስጥ ይገባል፤ እውነት ከሆነ የነጥቡ ወገን ይጠቁራል፣ ሐሰት ከሆነ ሌላኛው። «ገና ባልተነካው» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ተገልብጦ ወይም ሳይገለበጥ በተጻፈው ላይ የሚደረግ ፍተሻ ስሕተቱን ይደግመዋል እንጂ አያጋልጠውም። (0፣ 0) ለስሌት ከሁሉም ይቀላል፤ መስመሩ በእሱ ላይ ካለፈ ግን ፍተሻው ስለማይሠራ ሌላ ነጥብ ይወሰዳል። ለ ≥ 2ሀ ላይ (1፣ 0) ቢሞከር 0 ≥ 2 ሐሰት ስለሆነ የሚጠቁረው ከ(1፣ 0) ተቃራኒ ያለው ወገን ነው።

ጥምር ሲሆን፦ የዳቦ ቤቷ ምሳሌ

አንድ ያለእኩልነት ብቻ ሲሆን የትኛውም መንገድ ያዛልቃል። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ጥምር ሲመጣ ነው። አንዲት ባለ ዳቦ ቤት በቀን 16 ኪሎ ዱቄትና 10 ሰዓት የምድጃ ጊዜ አላት እንበል። አንድ ድፎ ዳቦ 2 ኪሎ ዱቄትና 1 ሰዓት፣ አንድ ኬክ 1 ኪሎ ዱቄትና 1 ሰዓት ይፈጃል፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። የድፎውን ብዛት ሀ፣ የኬኩን ለ ካልን 2ሀ + ለ ≤ 16፣ ሀ + ለ ≤ 10፣ ሀ ≥ 0 እና ለ ≥ 0 ይሆናል።

የአራቱ የጋራ ክልል ማዕዘኖቹ (0፣ 0)፣ (8፣ 0)፣ (6፣ 4) እና (0፣ 10) የሆኑ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ነው። (6፣ 4) የተገኘው ከግራፉ በዓይን ተነቦ ሳይሆን አንዱን እኩልታ ከሌላው በመቀነስ ነው፤ 2ሀ + ለ = 16 ላይ ሀ + ለ = 10 ሲቀነስ ሀ = 6 ይቀራል። በእጅ በተሠራ ግራፍ ላይ ይህን ነጥብ በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው 5.8 እና 4.3 ቢል አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ማዕዘኖች ምንጊዜም በስሌት መረጋገጥ አለባቸው። ከአንድ ድፎ 150 ብር፣ ከአንድ ኬክ 100 ብር ትርፍ ከተገኘ 8 ድፎ ብቻ 1,200 ብር፣ 10 ኬክ ብቻ 1,000 ብር፣ 6 ድፎና 4 ኬክ ግን 1,300 ብር ያስገኛል። የማኔጅመንትና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሊኒየር ፕሮግራሚንግ በሚል ስም የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ተለዋዋጮች ላሏቸው ጥያቄዎች የሚያገለግለውን የሲምፕሌክስ ዘዴ ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 አቅርቦታል።

የካሬ ወረቀት እዚህ ላይ ማንም የማይቆጥርለት ጥቅም አለው። የጠቆረው ክልል (5.5፣ 4.5) የሚለውንም ነጥብ ይፈቅዳል፤ ግማሽ ድፎ ግን ለሽያጭ አይጋገርም። በወረቀቱ ላይ የካሬዎቹ መገናኛዎች ፊት ለፊት ስለሚታዩ ሊሠሩ የሚችሉት ሙሉ ቁጥሮች የትኞቹ እንደሆኑ በጣት እየነኩ መቁጠር ይቻላል። ስክሪን ላይ ያለው ወጥ ቀለም ይህን ይሸፍነዋል።

በስልክና በኮምፒውተር፦ ጂኦጀብራና ዴስሞስ

ጂኦጀብራ እ.ኤ.አ. በ2001 ማርኩስ ሆሄንቫርተር በኦስትሪያ ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ ዴስሞስን ደግሞ ኤሊ ሉበሮፍ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ መሠረተው። ሁለቱም ለተማሪ በነፃ ይገኛሉ። በሁለቱም ያለእኩልነቱን እንደተጻፈ ማስገባት ይቻላል፤ ለን ማውጣት ስለማያስፈልግ በኔጌቲቭ የመካፈሉ ወጥመድ ጨርሶ አይነሳም። 3ሀ − 2ለ < 6 ሲገባ የተቆራረጠውን መስመር ራሳቸው ይሠራሉ፤ ወገኑንም ራሳቸው ያጠቁራሉ። ፊደሎቹን ግን በኤክስና በዋይ መተካት ግድ ነው።

የሚለያዩት ጥምር ላይ ነው። ዴስሞስ አራቱን የዳቦ ቤት ያለእኩልነቶች በየመስመሩ ሲያስገቡለት አራት ቀለሞችን ይደራርባል፤ የጋራው ክልል በጣም የጠቆረው ነው ማለት ነው። ሁለት ቀለም ሲሆን ግልጽ ነው፤ አራት ሲደርስ ግን የትኛው ከየትኛው እንደጠቆረ በትንሽ ስልክ ላይ መለየት ያደክማል። መፍትሔው ተጨማሪ ገደቦችን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህን ለመልመድ ጥቂት ሙከራ ይጠይቃል። ጂኦጀብራ ላይ ደግሞ ያለእኩልነቶቹን «እና» በሚለው የሎጂክ ምልክት አያይዞ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ የሚጠቁረው የጋራው ክልል ብቻ ነው። ለእኔ ለጥምር ጂኦጀብራ ይበልጣል፤ ለአንድና ለሁለት ያለእኩልነት ግን ዴስሞስ ለመጻፍም ለማየትም ይቀላል።

ሌላው ልዩነት ኢንተርኔት በሌለበት ያለው አገልግሎት ነው። የሁለቱም የስልክ አፕ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በኮምፒውተር ላይ ግን ጂኦጀብራ ተጭኖ የሚሠራ ሙሉ ፕሮግራም ሲኖረው፣ ዴስሞስ በዋናነት በብራውዘር የሚከፈት ነው። በአንድ ፍላሽ አሥር ኮምፒውተር ላይ ሊጭን ለሚያስብ መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሁለቱም የምለው ቅሬታ ግን አለኝ፤ ትክክለኛውን ሥዕል ስለሚሰጡ ተማሪው ለምን ያ ወገን እንደጠቆረ ሳያውቅ ያልፋል። ይህን የሚቀንስ ቀላል ልምድ አለ። ያለእኩልነቱን ከማስገባት በፊት (0፣ 0) እና ሌሎች ሁለት ነጥቦችን ማስገባት፣ የትኞቹ በጥላው ውስጥ እንደሚውሉ በወረቀት መገመት፣ ከዚያ ብቻ ያለእኩልነቱን መጻፍ።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚያጠቁሩት መልስ የሆነውን ክልል ነው። በብሪታንያ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይፈለገው ክልል እንዲጠቁርና መልሱ ነጭ ሆኖ እንዲቀር ይጠየቃል። ጂኦጀብራ በባሕርያት ዝርዝሩ ውስጥ ሙሌቱን የሚገለብጥ ምርጫ አለው፤ ዴስሞስ ላይ ምልክቱን ራስዎ መገልበጥ አለብዎት።

የግራፍ ካልኩሌተርና ኤክሴል

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቲአይ-84 ፕላስ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት የነገሠ ካልኩሌተር ነው፤ አዲሱ ሞዴል እዚያ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጣል። ለያለእኩልነት ግን ምቹ አይደለም። መደበኛው የግራፍ ገጹ ለ ቀድሞ እንዲወጣ ስለሚፈልግ የምልክት መገልበጡ ሥራ ወደ ተማሪው ይመለሳል፤ የማጥቆሪያውን አቅጣጫ የሚመርጠውም ተማሪው ነው፤ ተጨማሪ አፕ ካልተከፈተለት በስተቀር የተቆራረጠ መስመር አይሠራም፣ እንደ ሀ ≤ 4 ያለውንም ቁም ድንበር አይቀበልም። የመጀመሪያው ሞዴል ስክሪን 96 በ64 ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ዘንበል ያለ መስመር እንደ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ጥቅሙ በአንዳንድ ፈተናዎች መፈቀዱና ስልክ አለመሆኑ ነው።

ኤክሴል መስመሮቹን ከሰንጠረዥ አንስቶ ይሥላል፤ ክልሉን ለማጥቆር ግን ቀጥተኛ መንገድ የለውም። ለግራፍ ብሎ መምረጥ ልፋት ነው። የዳቦ ቤቷ ምርት ከሁለት ወደ አምስት ዓይነት ሲያድግ ግን ሁለት ዘንግ ያለው ግራፍ ራሱ ይቀራል፤ ያኔ ሶልቨር የሚባለው የኤክሴል ተጨማሪ መሣሪያ እስከ 200 ተለዋዋጮች ድረስ ምርጡን መልስ ይፈልጋል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ድንበሩን ማግኘት | ወገን ሲሳት ያስታውቃል? | ጥምር ላይ | ወጪና ሁኔታ |
|---|---|---|---|---|
| የቁጥር ሰንጠረዥ | ዘገምተኛ፣ አስተማማኝ | በፍተሻ ነጥብ ብቻ | ይቻላል፣ ጊዜ ይፈጃል | ወረቀትና እርሳስ |
| መቁረጫ ነጥቦች | ቁጥሮቹ ሲካፈሉ በጣም ፈጣን | በፍተሻ ነጥብ ብቻ | ለእጅ ሥራ ምርጡ | ወረቀትና እርሳስ |
| ስሎፕ | ፈጣን | አያስታውቅም፣ ፍተሻ ግድ ነው | መካከለኛ | ወረቀትና እርሳስ |
| ጂኦጀብራ | ራሱ ይሠራል | ራሱ ያጠቁራል | በጣም ጥሩ | ነፃ፣ ያለ ኢንተርኔትም |
| ዴስሞስ | ራሱ ይሠራል | ራሱ ያጠቁራል | ሁለት ድረስ ጥሩ | ነፃ፣ በኮምፒውተር በብራውዘር |
| ቲአይ-84 ፕላስ | ለ ሲወጣ ብቻ | አያስታውቅም | ደካማ | ከ100 ዶላር በላይ |
| ኤክሴል | ከሰንጠረዥ | አያጠቁርም | ግራፉ ደካማ፣ ሶልቨር ጠንካራ | ኮምፒውተር ያስፈልጋል |

ለማን የትኛው

ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ የመቁረጫ ነጥቦችን መንገድ ዋና መሣሪያው አድርጎ ቢይዝ፣ መቁረጫዎቹ ክፍልፋይ ሲሆኑበት ወይም መስመሩ በ(0፣ 0) ሲያልፍ ወደ ሰንጠረዥ ቢዞር እመክራለሁ። የስሎፕ መንገድን የሚወድ ይጠቀምበት፤ የፍተሻውን ነጥብ ግን ጥያቄው ላይ በተጻፈው ያለእኩልነት ውስጥ ሳያስገባ እርሳሱን አያንሣ። የፍተሻው ስሌት አንድ መስመር ነው፤ በፈተና ሰዓት የማይገኝ ጊዜ አይደለም።

በአሜሪካ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ለሚፈተኑ ልጆች ጉዳዩ ሌላ ነው። ፈተናው ዲጂታል ከሆነ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ ውጭ በ2024 ደግሞ በአሜሪካ፣ ዴስሞስ ፈተናው በሚሰጥበት ፕሮግራም ውስጥ አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ለዚህ ፈተና ብሎ ውድ ካልኩሌተር መግዛት አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል፣ ልጁ ግን ዴስሞስን ከፈተናው ቀን በፊት በደንብ ይልመድ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በአውሮፓ በብሪታንያ ሥርዓተ ትምህርት የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች በበኩላቸው ከማስጠናታቸው በፊት ጥያቄው የሚፈለገው ክልል ይጠቁር የሚል ይሁን የማይፈለገው ቃል በቃል ያንብቡ፤ ወላጁ በተማረበት ልማድ ልጁን ሊያሳስተው ይችላል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ላለ መምህር ጂኦጀብራን በኮምፒውተር መጫን የተሻለ ነው፤ ፕሮጀክተር ከሌለ አንድ ስልክ ለአምስት ተማሪ ይበቃል። መብራት ከሌለ ካሬ የተሰመረበት ጥቁር ሰሌዳና ሁለት ቀለም ጠመኔ ሥራውን ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ያለእኩልነት ሙሉ ጥላ ከመቀባት ይልቅ ከመስመሩ ወደ መልሱ ወገን የሚያመለክቱ ትንንሽ ቀስቶች ማድረግ ሰሌዳውን ከመጨማለቅ ያድነዋል፣ የጋራው ክልል ብቻ መጨረሻ ላይ ይጠቁራል።

የማኔጅመንትና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሦስቱን በቅደም ተከተል ቢይዙ ይሻላል፦ ሥዕሉ በእጅ፣ ማዕዘኖቹ በስሌት፣ ማረጋገጫው በጂኦጀብራ። የዳቦ ቤት ባለቤቷ ራሷ ግን ግራፍ መሥራት ሳያስፈልጋት አራቱን ማዕዘኖች በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋ የእያንዳንዳቸውን ትርፍ ብታወዳድር ይበቃታል፤ የዱቄት ወይም የኬክ ዋጋ በተለወጠ ቁጥርም ስሌቱን ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ትደግመዋለች።